ከፍላሽ እስከ ፎልደር፦ ሊኑክስ ላይ የትኛው ፋይል ማኔጀር?

ሰኔ ነው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙና የሚያስጠርዙ ተማሪዎች እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ሰው ፍላሻቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ተራ ይጠብቃሉ። ተራቸው ደርሶ ፍላሹ ሲሰካ ግን ስክሪኑ ላይ አንድም ሰነድ የለም። ያለችው የፍላሹን ስም የያዘች አንዲት ሾርትከት ብቻ ናት።

«ቫይረስ በልቶታል» አለ ከኋላ የቆመ ተማሪ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«የኔ ልጅ፣ የመጽሐፌ ረቂቅ እኮ ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም» አሉ ሰውየው።

«አይዞዎት ጋሼ፣ አልጠፋም» አለች ማሽኑ ላይ የምትሠራው ልጅ። ፍላሹን ነቀለችና ጥግ ላይ ወዳለው፣ ክዳኑ በፕላስተር ወደተያያዘው አሮጌ ላፕቶፕ ወሰደችው። መስኮት ተከፈተ። ሾርትከቷ አሁንም አለች፤ ከአጠገቧ ግን ስም የሌለው አንድ ፎልደር ተቀምጧል። ስትከፍተው ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ፎቶዎቹ፣ ማውጫው፣ ሁሉም በየቦታው ተደርድረዋል። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

ያ ላፕቶፕ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ነገሩም ተአምር የለበትም። ሾርትከት ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም። ፋይሎቹን ሰብስቦ ወደ አንድ ፎልደር ይከታል፣ ለፎልደሩ ባዶ ቦታ የሚመስል የማይታይ ምልክት ስም አድርጎ ይሰጠዋል፣ ከዚያም «ድብቅ» እና «የሲስተም» የሚል ማኅተም ይመታበታል። ዊንዶውስ ማኅተሙን አክብሮ ፎልደሩን ይሰውራል። ሊኑክስ ለዚያ ማኅተም ደንታ የለውም፤ በእሱ ዘንድ ድብቅ ማለት ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ነው። ሾርትከቷም የተጻፈችው ዊንዶውስን ለማዘዝ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ቢጫኗት ምንም አታመጣም። ፍላሹ ዳነ ማለት ግን ቫይረሱን ያስያዘው ኮምፒውተር ዳነ ማለት አይደለም፤ ወደዚያው ማሽን ከተመለሰ ዳግም ይያዛል።

ልጅቷ የከፈተችው መስኮት ቱናር ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱና ወንድሞቹ ናቸው። ፋይል የምንከፍትበት፣ ኮፒ የምናደርግበት፣ ስም የምንቀይርበት፣ የምንሰርዝበት ፕሮግራም ፋይል ማኔጀር ይባላል። ዊንዶውስ ላይ አንድ ነው፣ አብሮ ይመጣል፣ ማንም ምረጥ አይልም። ሊኑክስ ላይ ግን በደርዘን የሚቆጠሩ አሉ፤ አዲስ ገቢውን መጀመሪያ ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው።

አዲስ ገቢው ደግሞ እየበዛ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለውን ማሽን ነው። ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣ፣ ሁለት ሦስት እጅ የዞረ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይህን መስፈርት አያሟላም። ባለቤቱ ያለው ምርጫ መደበኛ ድጋፍ በሌለው ዊንዶውስ መቀጠል፣ ማሽኑን መጣል ወይም ሊኑክስ መጫን ነው።

ምርጫው ለምን በዛ? መልሱ ጠብ ነው። ሊኑክስ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፋይል ማኔጀር የአንድ ክርክር ትራፊ ነው ብል አላጋነንኩም።

በዶስ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው ኖርተን ኮማንደርን አይረሳውም፤ ግራና ቀኝ ሁለት ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ከታች የቁልፎች ዝርዝር። ጆን ሶቻ የጻፈው ይህ ፕሮግራም ለገበያ የቀረበው በ1986 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ፋይል ማዛወር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ከሆነ ሁለቱንም ቦታ ባንዴ አሳየኝ። በ1994 ሚጌል ደ ኢካዛ የተባለ ወጣት ሜክሲኳዊ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሊኑክስ አመጣና ሚድናይት ኮማንደር አለው። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ማውዝ በሌለበት ጥቁር ስክሪን ላይ በእሱ ይሠራሉ። ደ ኢካዛ በ1997 ከፌዴሪኮ ሜና ጋር ኖም የተባለውን ዴስክቶፕ (ሙሉውን የስክሪን ገጽታ የሚሰጠውን ሶፍትዌር) ሲጀምር የመጀመሪያው ፋይል ማኔጀርም ከዚሁ ከሚድናይት ኮማንደር የተሠራ ነበር።

ከዚያ የካሊፎርኒያ ሰዎች መጡ። ኢዝል የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ አንዲ ኸርትስፌልድ ነበር፣ በ1984 የወጣውን የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ሶፍትዌር ከጻፉት አንዱ። የማኪንቶሽን ምስሎች የሳለችው ሱዛን ኬርም ለኢዝል ሳለች። ዓላማቸው ሊኑክስን ለተራው ሰው ማቅረብ ነበር፤ የሚሠሩት ፋይል ማኔጀር ናውቲለስ ይባላል፣ በነጻ ይሰጣል፤ ገንዘቡ በኢንተርኔት ከሚሸጥ አገልግሎት ይመጣል ተባለ። ማርች 13 ቀን 2001 ናውቲለስ 1.0 ወጣ። በዚያው ቀን ኩባንያው ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን አሰናበተ። የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገንዘብ የደረቀበት ዘመን ነበርና ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ በሩን ዘጋ።

ናውቲለስ ግን አብሮ አልተዘጋም። ኮዱ ነጻ ስለነበረ የኖም ሰዎች ተረከቡት፤ ዛሬ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የጫነ ሰው «ፋይልስ» ብሎ የሚያገኘው እሱን ነው። ሊኑክስ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦ ባለቤቱ ቢሞት ፕሮግራሙ ወራሽ አያጣም፤ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ ያልተስማማው ሰው የድሮውን ኮድ ይዞ ይሄዳል።

ይህም በተደጋጋሚ ሆኗል። በ2004 ናውቲለስ እያንዳንዱን ፎልደር በራሱ መስኮት መክፈት ጀመረ። ፎልደር እንደ እውነተኛ ዕቃ ሁልጊዜ በተዉት ቦታ ይገኝ የሚል፣ በወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነበር። በተግባር ግን አምስት ፎልደር ወደ ውስጥ የገባ ሰው አምስት መስኮት ተከምሮበት ይቀራል። በ2010 ያ አሠራር ነባሪ መሆኑ ቀረ። ትልቁ ኩርፊያ የመጣው በ2012 ነው። የኖም ዲዛይነሮች ናውቲለስን እናቅልለው ብለው ኤፍ 3 ሲጫኑ የሚመጣውን ሁለተኛ ሰሌዳ አወጡት፣ የጎኑን የፎልደር ዛፍ አወጡት፣ ጠበብ ያለውን አደራደርም አወጡት። ቀድሞ ፊደል ሲመቱ በዚያ ፊደል ወደሚጀምረው ፋይል ይዘል የነበረው አሁን ሙሉ ፍለጋ ይጀምር ገባ። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሌላው የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጆች ይህን አይተው የቀደመውን ኮድ ወሰዱና ኔሞ ብለው ለዩት። ከእነሱ በፊት በ2011 የቀድሞው ኖም 2 ወዳጆች ማቴ የተባለውን ዴስክቶፕ ሲጀምሩ የድሮውን ናውቲለስ ካኻ በሚል ስም አትርፈውት ነበር። ናውቲለስ፣ ኔሞና ካኻ እንግዲህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ መልካቸው የሚመሳሰለውም ለዚህ ነው።

በሌላው ጎራ ኬዲኢ አለ፣ በ1996 በጀርመናዊው ማትያስ ኤትሪክ የተጀመረው ዴስክቶፕ። የኬዲኢ ታሪክ ከፋይል ማኔጀር አልፎ ወደ አንባቢው ኪስ ይደርሳል። በ2000 የወጣው ኮንከረር ፋይል ማኔጀርም የኢንተርኔት ብራውዘርም ነበር፤ በአንድ መስኮት ፎልደርም ድረ ገጽም ይከፍታል። ድረ ገጽ የሚያሳየው ክፍሉ ኬኤችቲኤምኤል ይባላል። በ2003 አፕል ሳፋሪን ሲያወጣ የተነሣው ከዚህ ኮድ ነበር፤ ዌብኪት አለው። ጎግል በ2008 ክሮምን በዌብኪት ላይ ሠራ፤ በ2013 ደግሞ ከዚያ ብሊንክን ለየ። ስለዚህ በአንድሮይድ ስልክ ክሮም የሚከፍት ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው፣ የአንድ የሊኑክስ ፋይል ማኔጀርን የልጅ ልጅ እየተጠቀመ ነው። ኬዲኢ ራሱ ግን ሁለት ሥራ በአንድ መስኮት ይበዛል ብሎ በጃንዋሪ 2008 በወጣው በኬዲኢ 4 የፋይሉን ሥራ ለዶልፊን ሰጠ፤ ዶልፊንን የጀመረው ፒተር ፔንዝ ነው።

ታሪኩን ማወቅ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው፦ ከእነዚህ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ስለ ተጠቃሚው የተለየ ግምት አላቸው። ናውቲለስ ተጠቃሚው ብዙ ቁልፍ ሲያይ ይደናገራል ብሎ ያምናል። ዶልፊን ተጠቃሚው ቁልፍ ሲያጣ ይናደዳል ብሎ ያምናል። ሁለቱም እውነት የሚሆንላቸው ሰው አለ። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ሰው መጠየቅ ያለበት በቀን ውስጥ በፋይሎቹ ምን እንደሚያደርግ ነው፤ የስክሪን ፎቶ እያዩ በመልክ መምረጥ የመጨረሻው መመዘኛ መሆን ነበረበት፣ ብዙ ሰው ግን ከዚያ ይጀምራል።

በእኛ አገር ያ ሥራ በአብዛኛው ፍላሽ ነው። ፊልም፣ መዝሙር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቢሮ ደብዳቤ፣ ሁሉም በፍላሽ ይዞራል። እዚህ ላይ ከዊንዶውስ የመጣ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። አንድ ጊጋባይት ፊልም ወደ ፍላሽ ኮፒ ሲያደርግ የኮፒ መስመሩ በአፍታ ይሞላል፤ «ሊኑክስ ፈጣን ነው» ብሎ ይነቅለዋል፤ ቤቱ ሲደርስ ፊልሙ ግማሽ ነው ወይም አይከፈትም። ምክንያቱ ፋይል ማኔጀሩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ከርነል ነው። ሊኑክስ የሚጻፈውን መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ያቆያል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ወደ ፍላሹ ያወርዳል፤ በተለመደው ቅንብር ሊገኝ ከሚችለው ሚሞሪ እስከ 20 በመቶው ድረስ እንዲህ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ማሽን ላይ ያ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ከፍላሹ ስም አጠገብ ያለችውን የኢጀክት ቀስት መጫንና መጠበቅ ነው። ናውቲለስ፣ ኔሞና ቱናር ገና እየተጻፈ ከሆነ አትንቀል የሚል መልእክት ያሳያሉ፤ ዶልፊንም መንቀል መቼ እንደሚቻል ይነግራል። መልእክቱ ሳይመጣ የተነቀለ ፍላሽ የዕድል ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ከዚህ ይበልጥ ያስገርማል። ፍላሹ ሞልቷል፤ ሰውየው ሦስት ፊልም መርጦ ዲሊት ይላል፤ ፊልሞቹ ይጠፋሉ፤ ፍላሹ ግን አሁንም ሙሉ ነው። የጠፋው የታለ? እዚያው ፍላሹ ላይ ነው። የሊኑክስ ፋይል ማኔጀሮች በጋራ በተስማሙበት ደንብ ከፍላሽ የተሰረዘ ነገር ፍላሹ ላይ በሚፈጠር፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ድብቅ የቆሻሻ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ «ትራሽ 1000» የሚመስል ስም ያለው እንግዳ ፎልደር የሚታየው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ይደነግጣል። ቦታውን ለማስለቀቅ ፍላሹ እንደተሰካ ትራሹን ባዶ ማድረግ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሺፍትን ይዞ ዲሊት መጫን ነው። ያኔ ግን የሄደ አይመለስም። ድብቁን ማየት የፈለገ ናውቲለስ፣ ኔሞ፣ ቱናርና ዶልፊን ላይ ኮንትሮልንና ኤች የተባለውን ፊደል አንድ ላይ ይጫናል።

ፊልም ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ፋይል ማኔጀር በፋት 32 ወደተፎረመተ ፍላሽ ሊያስገባው አይችልም፤ ጥፋቱ የፎርማቱ ነው። ኤክስፋት አድርጎ መፎርመት ይበቃል፤ ከ2019 ወዲህ ያለ የሊኑክስ ከርነል ራሱ ያነበዋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ከዊንዶውስ በቀጥታ ለሚመጣ ሰው እኔ የምሰጠው ኔሞ ነው። የጎኑ ዛፍ አለ፣ ኤፍ 3 ሲጫኑ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፣ በቀኝ ክሊክ ፎልደሩን በአስተዳዳሪ ሥልጣን መክፈት ይቻላል። ሊኑክስ ሚንትን ከሲናመን ዴስክቶፕ ጋር የጫነ ሰው ሳይፈልግ ያገኘዋል። ውበቱ ተራ ነው፤ እጅ ግን ቶሎ ይለምደዋል።

ቀኑን ሙሉ ከፋይል ጋር የሚታገል ሰው፣ ማለትም የቪዲዮ ኤዲተር፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ፕሮግራመር፣ ወደ ዶልፊን ይሂድ። ኤፍ 3 ሁለት ሰሌዳ ያመጣል፣ ኤፍ 4 ከታች በዚያው ፎልደር ውስጥ ያለ ተርሚናል ይከፍታል፣ ኮንትሮልና አይ ደግሞ የፋይሎቹን ስም በማጣራት ሺውን ወደ አሥር ያወርዳል። የሰረዙትን፣ ያዛወሩትን፣ ስሙን የቀየሩትን በኮንትሮልና ዜድ መመለስ ይቻላል። ዶልፊን ላይ የማልወደው የቅንብሩ ብዛት ነው፤ ሰው ቅንብር ሲያስተካክል ሥራውን ይረሳል። ደግሞም ከኬዲኢ ጋር ባሉ የሚባለው የፍለጋ ማውጫ ሰሪ አብሮ ይመጣል፤ አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ መጀመሪያ ሲነሣ ዲስኩን ያስጮኸዋል። የማይፈልገው ሰው ከቅንብሩ ሊያጠፋው ይችላል።

ቱናር የአሮጌ ማሽን ሰው ነው። ቤኔዲክት ሞይረር የጻፈው፣ በጃንዋሪ 2007 ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ 4.4 ጋር የወጣ ነው። ክሊክ ሲያደርጉት መስኮቱ ከዓይን ቀድሞ ይመጣል። ለዓመታት ሁለት ነገር ይጎድለው ነበር፦ የተሠራውን መመለስና መስኮቱን ለሁለት መክፈል። በዲሴምበር 2022 በወጣው ኤክስኤፍሲኢ 4.18 ሁለቱንም አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው በእሱ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። አንድ ጌጥ ደግሞ አለው። የሠርግ ፎቶ የሚያነሣ ሰው 600 ፎቶ መርጦ ኤፍ 2 ቢጫን ሁሉንም ባንዴ «ሠርግ 001»፣ «ሠርግ 002» እያለ መሰየም ይችላል፤ ሌሎቹም ይህን ያደርጋሉ፤ ቱናር ውጤቱን ከመፈጸሙ በፊት ከጎን ያሳያል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሊኑክስን ባነሰ ፓኬጅ የጫነ ሰው ቱናር ላይ ስልክ ሰክቶ ካልታየው ወይም ትራሽ ካጣ ፋይል ማኔጀሩን አይርገም። ጂቪኤፍኤስ የተባለው ረዳት ፓኬጅ ስላልተጫነ ነው።

ሚሞሪው 2 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን ፒሲማንኤፍኤም አለ፣ የታይዋኑ ሆንግ ጀን ዪ ሥራ። ከቱናርም ይቀላል፣ በዚያው ልክ ያንሳል። ከዚያ በታች የተርሚናሎቹ ዓለም ነው፦ ሬንጀር፣ ኤንኤንኤን፣ አዲሱ ያዚ። ጣታቸው ከኪቦርድ የማይነሣ ሰዎች ይምሉባቸዋል፤ ሌላው ሰው አይሞክራቸው ባልልም ከእነሱ አይጀምር።

ናውቲለስስ? ኡቡንቱ ጭኖ፣ ሰነድ ከፍቶ፣ አንብቦ የሚዘጋ ሰው ምንም መቀየር የለበትም። ዝምተኛ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አይበላሽም። ፋይል በብዛት ማዘዋወር የጀመረ ሰው ግን በሳምንቱ ይበሳጭበታል፤ ሁለተኛውን ሰሌዳ በ2012 ማውጣታቸው እስከ ዛሬ ትክክል አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱትን ልናገር። ፋይል ማኔጀር መቀየር ኢሜይል ላይ ፋይል ሲያያይዙ ወይም ሰነድ «ሴቭ» ሲሉ የሚመጣውን መስኮት አይቀይርም። ያ መስኮት ከፕሮግራሙ መሥሪያ መሣሪያ ጋር የሚመጣ ሌላ ነገር ነው። በኖም ዓለም ይህ መስኮት ለረጅም ዘመን መሳለቂያ ነበር፤ ፎቶ ሊያያይዝ የፈለገ ሰው የሚያየው የፎቶዎቹን ስም ብቻ እንጂ ትንንሽ ምስላቸውን አልነበረም። ምስሎቹ ተደርድረው ይታዩ የሚለው ጥያቄ በ2004 ቀረበ፤ መልስ ያገኘው በ2022 መጨረሻ ነው። ከኖም 47 ጀምሮ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ፣ ያ መስኮት ራሱ ናውቲለስ ሆኗል። ዶልፊንን ጭኖ «ፋየርፎክስ ላይ አልተቀየረም» ብሎ የሚገረም ሰው ካለ ምክንያቱ ይህ ነው።

የቀረው የአማርኛው ጉዳይ ነው፤ የትኛውንም ቢመርጡ ይከተላል። ሊኑክስ ላይ ዋና ዋናዎቹ የዲስክ ፎርማቶች ለአንድ ፋይል ስም የሚሰጡት ቦታ 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው 255 ፊደል ሲፈቀድለት እኛ 85 ላይ እናቆማለን። ብዙ ይመስላል፤ ግን ዩቲዩብ ለቪዲዮ ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል፣ የስብከትና የቃለ ምልልስ ርዕሶቻችን ደግሞ ያን ጫፍ ይነካሉ። 85 ፊደልና 15 ክፍት ቦታ ያለው ርዕስ 270 ባይት ነው፤ አይገባም። ዊንዶውስ ላይ የሚቆጠረው በባይት ስላልሆነ እዚያ ያለ ችግር የተቀመጠ ፋይል በፍላሽ ወደ ሊኑክስ ሲመጣ «ስሙ ረዝሟል» ተብሎ ይመለሳል። ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ፍላሹ ላይ እንዳለ ስሙን ማሳጠር ብቻ በቂ ነው።

እዝባርም (/) ችግር አለባት። «ት/ቤት» ብሎ ፎልደር መሰየም አይቻልም፤ ሊኑክስ ላይ እዝባር ፎልደርን ከፎልደር የምትለይ ምልክት ናት። ናውቲለስ አይሆንም ይላል። ዶልፊን ላይ ግን አዲስ ፎልደር ሲፈጥሩ «ት/ቤት» ብለው ቢጽፉ እሺ ብሎ «ት» የሚባል ፎልደር ይፈጥርና ውስጡ «ቤት» የሚባል ሌላ ያስቀምጣል። «2017 ዓ/ም» ብሎ የሚሰይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ የፎልደር ዱር ሊያበቅል ይችላል። ዓ.ም. ብሎ በነጥብ መጻፍ ነው የሚያዋጣው።

ከሁሉ የሚከፋው ፍለጋው ነው። አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው «ፀሃይ»። ፀ እና ጸን ከስድስቱ «ሀ» ጋር ስናጋጥም ይህች አንዲት ቃል በ12 መልክ ልትጻፍ ትችላለች። ከጠቀስኳቸው ፋይል ማኔጀሮች አንዱም እነዚህን አንድ አድርጎ አያይም፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈችውን ያችኑ ፊደል ካልመቱ «አልተገኘም» ይላል፣ ፋይሉ ከዓይንዎ ሥር ተቀምጦ። ለጊዜው የሚረዳው አንድ ዘዴ ነው፤ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን የስሙን ክፍል መፈለግ። «የፀሐይ ኃይል ጥናት» ከሆነ «ጥናት»ን ይምቱ።

ፍለጋው ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ግን ከባድ ሥራ አይደለም። የአማርኛ ቋንቋ ቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ መልሶ ማነጻጸርን የቆየ ልማድ አድርገውታል። የናውቲለስ፣ የኔሞ፣ የቱናርና የዶልፊን ኮድም ለማንም ክፍት ነው፤ ፍለጋው የሚካሄድበትን ክፍል ከፍቶ ማንበብ፣ አሻሽሎ ለባለቤቶቹ መላክ ይቻላል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ አጥታችሁ የከረማችሁ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች፣ ይኸው ርዕስ፤ አሳትማችሁ ከምታስጠርዙት በፊት ኮዱን ላኩት።